ስለ አይሪስ አበባ አተካከልና አጠባበቅ

የአትክልት ሥራ ለሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ጥቅም እንደሚሰጥ በየአገሩ የታወቀ ነው፤ አንደኛው ለሆድ፣ ሁለተኛው ለዓይን ነው። እህልና ጎመን፣ ቡናና ፍራፍሬ ለመጀመሪያው የሚውሉ ሲሆኑ፣ አበባ ግን ለሁለተኛው ብቻ የተፈጠረ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከአበቦች መካከል ዓይንን ከማስደሰት አልፈው ገንዘብ የሚያስገኙ፣ የተዳፋት መሬትም በጎርፍ እንዳይሸረሸር የሚረዱ አሉ። አይሪስ የሚባለው አበባ ከእነዚህ አንዱ ነው።

አይሪስ አንድ ጊዜ በሚገባ ከተተከለ ለብዙ ዓመት የሚኖር፣ በየዓመቱም እንደ አዲስ የሚያብብ ተክል ነው። ዘሩን በየዓመቱ መግዛት አያስፈልግም፤ ውሃም በየዕለቱ አይፈልግም። ነገር ግን አተካከሉን ያላወቀ ሰው ቢይዘው በአንድ የዝናብ ወር ውስጥ በስብሶ ያልቃል፤ የሦስት ዓመት ድካምም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ አውራጃ የሚያስተዳድር ሹም በመሥሪያ ቤቱ ግቢ፣ ሰፊ ግቢ ያለውም ሰው በአትክልቱ ስፍራ ይህን ተክል ሊያስተክል ሲያስብ፣ አስቀድሞ ጠባዩን መመርመር ይገባዋል። ከዚህ በታች ያለው የተጻፈው ለዚሁ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተክሉ ጠባይ

አይሪስ የሚለው ስም የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ቀስተ ደመና ማለት ነው። ይህም ስም የተሰጠው ስለ ቀለሙ ብዛት ነው፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ፣ ጥቁር የሚመስልም አለው። እውነተኛ ቀይ ግን በተፈጥሮው የለውም። ሊቃውንት የቈጠሩት ወገን ወደ 300 የሚጠጋ ሲሆን፣ ሁሉም በሰሜኑ የምድር ክፍል፣ በአውሮፓ፣ በእስያ፣ በሰሜን አፍሪካና በሰሜን አሜሪካ የበቀለ ነው። ወገኑን አንድ በአንድ መርምሮ በትልቅ መጽሐፍ የጻፈው እንግሊዛዊው ዊልያም ዳይክስ ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው በ1913 ነው።

አበባው ስድስት ቅጠሎች አሉት። ሦስቱ ወደ ላይ ቀና ብለው እንደ ጉልላት ይገናኛሉ፤ ሦስቱ ደግሞ ወደ ታች ይዘነበላሉ። በብዙ ሰው ግቢ የሚታየው ዓይነት፣ ወደ ታች በተዘነበሉት ቅጠሎች ላይ እንደ ጢም ያለ ለስላሳ ጠጕር አለው፤ ስለዚህም ባለ ጢም አይሪስ ይባላል። አንዱ አበባ የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ነገር ግን በአንዱ ዘንግ ላይ ብዙ እምቡጥ ስላለ አንዱ ሲጠወልግ ሌላው ይፈነዳል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ግን ከአበባው በታች ያለው ነገር ነው። ባለ ጢሙ አይሪስ የሚበቅለው በአፈር ላይ ተጋድሞ ከሚኖር፣ ሥር ከሚመስል ወፍራም ግንድ ነው። መልኩ ዝንጅብልን ይመስላል፤ በዚህ ጽሑፍ ግንደ ሥር ተብሎ ይጠራል። እውነተኞቹ ሥሮች ቀጫጭኖች ናቸው፤ ከግንደ ሥሩ ሆድ ወጥተው ወደ ታች ይወርዳሉ። ግንደ ሥሩ የተክሉ ጎተራ ነው፤ ተክሉ በደረቁ ወራት የሚኖረው በዚያ ባከማቸው ምግብ ነው። አንድ ጊዜ አብቦ የጨረሰ ግንደ ሥር ዳግመኛ አያብብም፤ በጎንና በጎኑ ልጆች ያወጣል፤ የሚያብቡትም እነዚያ ልጆች ናቸው። እናቲቱ አርጅታ ልጆቹ ይተኳታል። ስለ አተካከሉና ስለ አከፋፈሉ ከዚህ በታች የሚነገረው ሕግ ሁሉ ከዚህ ከግንደ ሥሩ ጠባይ የሚመነጭ ነው።

ስለ ዓይነቶቹ

አይሪስ ሁሉ አንድ አይደለም። ይህን ሳይለዩ መትከል የብዙ ጥፋት ምክንያት ነው። ለግቢ አትክልት የሚውሉት ዓይነቶች በጠቅላላው በሁለት ይከፈላሉ፤ አንደኞቹ ደረቅ ምድር የሚወዱ ናቸው፤ ሁለተኞቹ ርጥበት የሚወዱ ናቸው።

ደረቅ ምድር የሚወደው ባለ ጢሙ ነው። በቁመቱም ይለያያል። እጅግ አጭሩ ከ20 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ መካከለኞቹ ከ20 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይደርሳሉ፤ ረጅሙ ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። አጭሩ በድንጋይ ካብ ላይና በመንገድ ዳር፣ ረጅሙ በመደቡ መካከል ሲተከል ያምራል። ዛሬ የሚታዩት ታላላቅ አበባ ያላቸው ረጃጅም አይሪሶች የተገኙት፣ በኬምብሪጅ የፊዚዮሎጂ መምህር የነበረው ማይክል ፎስተር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በቅርብ ምሥራቅ አገር ከሚኖሩ ሚሲዮናውያን አስልኮ በሰበሰባቸው ትላልቅ ዓይነቶች መነሻነት ነው። ፎስተር በ1907 ሞተ፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡት አዳቃዮች ግን ሥራውን ቀጥለው አበባውን በመጠንም በቀለምም ለወጡት።

ርጥበት ከሚወዱት መካከል የታወቁት የሳይቤርያ አይሪስና የጃፓን አይሪስ ናቸው፤ እነዚህ ጢም የላቸውም። የጃፓኑ በተለይ በሚያድግበትና በሚያብብበት ወራት ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ኖራ ያለበትን ምድርም አይወድም። በአውሮፓ ወንዝ ዳር የሚበቅለው ቢጫ አይሪስ ደግሞ በኩሬ ውስጥ ቆሞ ይኖራል፤ ነገር ግን በሌላ አገር ከግቢ ወጥቶ ወንዝ ከያዘ በቀላሉ የማይነቀል አረም ስለሚሆን፣ በሰሜን አሜሪካ በብዙ ስፍራ ጕዳት ማድረሱ ታውቋል። ስለዚህ ይህን ዓይነት ወራጅ ውሃ ባለበት አጠገብ ማስተከል አይገባም።

ግቢው ረግረግ የሆነበት ሰው ርጥበት የሚወደውን ይምረጥ፤ ግቢው ተዳፋትና ድንጋያማ የሆነበት ሰው ባለ ጢሙን ይምረጥ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምክር የሚመለከተው ባለ ጢሙን ነው።

ስለ ምድሩና ስለ ጊዜው

ባለ ጢሙ አይሪስ ከሁሉ አስቀድሞ ፀሐይ ይሻል። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ የማያገኝ ስፍራ ቢተከል ቅጠሉ ይለመልማል እንጂ አበባው ይቀንሳል። በትልቅ ዛፍ ጥላ፣ በባሕር ዛፍ ሥርና በቤት ጀርባ መትከል ድካም ብቻ ነው።

ሁለተኛው የሚሻው ውሃ የማይቋጥር ምድር ነው። በክረምት ውሃ የሚተኛበት ጥቁር መረሬ አፈር ለዚህ ተክል መቃብር ነው። ሌላ ምድር የሌለው ሰው ግን ተስፋ መቍረጥ የለበትም፤ መደቡን ከሜዳው አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ፣ አሸዋና ጠጠር ቀላቅሎ፣ ገበሬው በጤፍ ማሳው ውስጥ ፈሰስ እንደሚያወጣው ሁሉ በመደቡ ዙሪያ ፈሰስ ቢያወጣለት ይበቃዋል። ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ ቀይ አፈር የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በብዙ የደጋ አገር ቀይ አፈር ኮምጣጣ ስለሆነ፣ ጥቂት ኖራ ወይም የምድጃ አመድ ቢቀላቀልበት መልካም ነው። ተክሉ የሚስማማው በፒ ኤች መለኪያ ከ6.5 እስከ 7 ያለው አፈር ነው።

ሦስተኛው ነገር ብርድ ነው። ረጃጅሞቹ ባለ ጢም አይሪሶች የመጡት ክረምቱ ብርድ ከሆነ አገር ስለሆነ፣ የአበባውን እምቡጥ ለማዘጋጀት የብርድ ወራት ያስፈልጋቸዋል። በሞቃት ቆላ ቢተከሉ ቅጠል ብቻ ያወጣሉ፤ አበባቸው እጅግ ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይቀራል። ስለዚህ ሌሊቱ ብርድ የሆነበት ከፍተኛ ደጋ ከቆላው ይልቅ ይሻላቸዋል።

የመትከያው ጊዜ በጥንቃቄ ሊታሰብ ይገባዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ የተጻፉ የአትክልት መጻሕፍት ሁሉ አይሪስ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይተከላል ይላሉ። ይህ ለእነርሱ አገር እውነት ነው፤ ምክንያቱም በእነርሱ ዘንድ ይህ ወራት የሙቀት ወራት ነው፤ ተክሉም አብቦ ጨርሶ ያረፈበት ነው፤ ብርቱ ውርጭ እስኪመጣም ሥር ለመስደድ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያገኛል። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ የሚበረታበት፣ ፀሐይም በደመና የሚሸፈንበት ወራት ነው። የባዕዱን መጽሐፍ ቃል ሳይመረምር ተከትሎ በሐምሌ የተከለ ሰው በመስከረም የሚያገኘው የበሰበሰ ግንደ ሥር ብቻ ነው። መያዝ የሚገባው የወሩን ስም ሳይሆን የሕጉን ምክንያት ነው፤ ምክንያቱም ይህ ነው፦ ግንደ ሥሩ ሲተከል አፈሩ ሞቅ ያለና ጥቂት ርጥበት ያለው፣ ሰማዩም የጠራ ሊሆን ይገባል። በኢትዮጵያ ደጋ ይህ የሚገኘው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው።

ስለ አተካከሉ

አስቀድሞ መደቡ ከመትከያው ቀን ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ አንድ ክንድ ያህል በጥልቀት ይቆፈር። የሰርዶና የሌላም አረም ሥር ሁሉ ተለቅሞ ይውጣ፤ ሰርዶ ከግንደ ሥሩ ጋር ከተጠላለፈ በኋላ ለመንቀል እጅግ ያስቸግራልና። ፍግ የሚጨመር ከሆነ ፈጽሞ የበሰበሰና አፈር የሆነ ይሁን፤ ትኩስ ፍግ ግንደ ሥሩን ያበሰብሰዋል።

ከዚያም ለእያንዳንዱ ተክል ስፋቱ ሁለት ስንዝር የሚሆን ጕድጓድ ይቆፈር፤ በጕድጓዱም መካከል አፈሩ እንደ ኮርቻ ጀርባ ከፍ ተደርጎ ይከመር። ግንደ ሥሩ በዚያ ክምር ላይ ይጋደም፤ ሥሮቹ በግራና በቀኝ ወደ ታች ይዘርጉ። አፈሩ በሥሮቹ ላይ ይመለስና በእጅ ጠበቅ ተደርጎ ይደልደል። የግንደ ሥሩ ጀርባ ግን ከአፈር ላይ ብቅ ብሎ ፀሐይ እያየ ይቅር። ፀሐዩ እጅግ በሚበረታበትና አፈሩ ቀላል በሆነበት ስፍራ፣ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ስስ አፈር ቢለብስ አይጎዳውም።

ብዙ አትክልተኛ የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። ድንች ሲተከል እንደሚቀበር አይሪስንም በጥልቀት ይቀብረዋል፤ የተጋለጠውን ጀርባውንም ባየ ጊዜ አፈር ያለብሰዋል። ተክሉም አንዳንድ ጊዜ ይበሰብሳል፤ ባይበሰብስም ቅጠል ብቻ እያወጣ ለብዙ ዓመት ሳያብብ ይኖራል። ስለዚህ አለቃው ለአትክልተኞቹ ትእዛዝ ሲሰጥ ይህን አንድ ነገር ደጋግሞ ማስረዳት ይገባዋል፦ ሥሩ ከመሬት በታች፣ ጀርባው በፀሐይ።

በአንዱና በሁለተኛው ተክል መካከል ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይተው። ቢቀራረቡ አበባው ቶሎ መደቡን ይሞላል፤ ነገር ግን ቶሎ ይጨናነቃል፤ ቶሎም መከፈል ያሻዋል። የሚያድገው ቅጠል ባለበት በኩል ስለሆነ፣ ሦስቱን በአንድነት በክብ የሚተክል ሰው ቅጠላቸውን ወደ ውጭ፣ ጅራታቸውን ወደ ውስጥ ያድርግ። በተዳፋት ላይ ደግሞ ቅጠሉ ወደ ላይ፣ ጅራቱ ወደ ቁልቁለቱ ይሁን።

ስለ አጠባበቁ

እንደተተከለ አንድ ጊዜ በደንብ ይጠጣ። ከዚያ በኋላ አዲስ ሥር እስኪሰድ ድረስ፣ አፈሩ በጣት ሲፈተሽ አራት ጣት ያህል ከደረቀ ብቻ ውሃ ይሰጠው። ሥር ከሰደደ በኋላ ረጅም ድርቅ ካልሆነ በቀር እጅግ ጥቂት ውሃ ይበቃዋል። አትክልተኛ በትጋት ውሃ ሲያጠጣ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ለዚህ ተክል ግን ትጋቱ ጥፋት ነው። ቅጠሉ ለጥቂት ጊዜ እየለመለመ ባለቤቱን ያስደስታል፤ ከሥሩ ግን ይበሰብሳል፤ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ እንደተባለው ነው።

ማዳበሪያም እንደዚሁ በልክ ይሁን። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠሉን ያለሰልሰዋል፤ ለስላሳ ቅጠልና ለስላሳ ግንደ ሥር ደግሞ ለበሽታ ይመቻል። ፎስፎረስ የበዛበት፣ ለምሳሌ የአጥንት ዱቄት፣ ይስማማዋል። ተክሉ ማደግ ሲጀምር አንድ ጊዜ፣ ካበበም በኋላ ከአንድ ወር ያህል ቆይቶ ሁለተኛ ጊዜ፣ በግንደ ሥሩ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ጥቂት ጥቂት ይበተንለት።

ለሌላ አትክልት ርጥበት እንዲጠብቅ ገለባና ሣር በሥሩ ማልበስ የታወቀ ብልሃት ነው፤ ለአይሪስ ግን አይሆንም፤ ግንደ ሥሩን ከፀሐይ ይከለክለዋልና። አረሙም በጥልቀት በዶማ አይኮትኰት፤ ሥሮቹ ቅርብ ስለሆኑ በእጅ ይነቀል። አበባው ካለቀ በኋላ ዘንጉ ከሥሩ ይቈረጥ፤ አረንጓዴው ቅጠል ግን አይቈረጥ፤ ለሚመጣው ዓመት አበባ ምግብ የሚያዘጋጀው እርሱ ነው። የደረቀውና ነጠብጣብ ያለበት ቅጠል ብቻ ተለቅሞ ይቃጠል።

ብዙ ዓመት የሚኖሩ ልዩ ልዩ አበቦች በአንድነት በሚተከሉበት መደብ ውስጥ፣ ለአይሪስ ጎረቤት የሚሆነውን መምረጥ ያስፈልጋል። የሚንሰራፋና ጥላ የሚጥል ተክል አጠገቡ አይሁን። አይሪስ ካበበ በኋላ ቅጠሉ እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር ስለሌለው፣ ከእርሱ በኋላ የሚያብብ ቁመቱ መካከለኛ የሆነ አበባ ከኋላው ቢተከል መደቡ ሳያብብ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። የአይሪስ ግንደ ሥርና ቅጠል ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው፤ ከብትም አብዛኛውን ጊዜ ይሸሸዋል። ስለዚህ ለአጥር ጥግ የሚስማማ ቢሆንም፣ ሲከፈል የተጣለው ቍራጭ ሕፃናትና ጥጆች በሚደርሱበት ስፍራ መተው የለበትም።

ስለ መክፈል

በሦስት ወይም በአራት ዓመት ግንደ ሥሮቹ እርስ በርሳቸው ተደራርበው ይጨናነቃሉ፤ አበባውም ይቀንሳል። ይህ የመክፈያው ጊዜ መድረሱን ያሳያል። ሙሉው ቁጥቋጦ በአካፋ ተነሥቶ አፈሩ ይራገፍ። በመካከል ያለችው ያረጀችና የደረቀች እናት ተቈርጣ ትጣል፤ በዙሪያዋ ያሉት ጠንካሮቹ ልጆች፣ እያንዳንዳቸው ቅጠልና ሥር ያላቸው፣ በስለታም ቢላዋ ተለይተው ይወሰዱ። ቅጠላቸው እንደ ማራገቢያ ተደርጎ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ይታጠር፤ ሥር እስኪሰዱ ድረስ ነፋስ እንዳይነቀንቃቸውና ውሃ እንዳያባክኑ ነው። የተቈረጠው ፊት አንድ ወይም ሁለት ቀን በጥላ ደርቆ ከጠገገ በኋላ ይተከል።

አይሪስ በዘር ቢዘራ ልጁ እናቱን አይመስልም፤ የተወደደውን ቀለም ሳይለወጥ ማብዛት የሚቻለው በመክፈል ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ አንድ ግቢ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ከራሱ የሚተርፍ ብዙ ችግኝ ያገኛል። ይህ ትርፍ ወደ ቆሻሻ ከሚጣል፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለቤተ ክርስቲያን ግቢ ቢታደል፣ አንድ ሹም አንድ ጊዜ ባወጣው ወጪ አውራጃው በሙሉ ሊያጌጥ ይችላል።

ስለ በሽታና ስለ ነቀዝ

የአይሪስ ዋና ጠላት ባክቴሪያ የሚያመጣው ብስባሽ በሽታ ነው። ምልክቱ በቶሎ ይታወቃል፤ የቅጠሉ ማራገቢያ ከሥሩ ይዝላል፤ በእጅ ሲሳብ ያለ ችግር ይነቀላል፤ ግንደ ሥሩ እንደ ገንፎ ይለሰልሳል፤ ክፉ ሽታም ይሸታል። በዚህ ጊዜ ተክሉ ተነሥቶ የበሰበሰው ሁሉ ጤናማው ጠንካራ አካል እስኪገኝ ድረስ በቢላዋ ተፍቆ ይውጣ። ከዚያም አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ የተፋቀው ስፍራ ይታጠብበት፤ ጥቂት ቀንም ፀሐይ ይሙቅ። ቢላዋውም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት በዚያው ይታጠብ፤ አለዚያ ሐኪሙ ራሱ በሽታውን ያዛምታል። ከዳነም በኋላ ውሃ ወደማይተኛበት ስፍራ መዛወር አለበት፤ ምክንያቱ ሳይወገድ በሽታው ተመልሶ ይመጣልና።

በቅጠሉ ላይ የሚታየው ቡናማ ነጠብጣብ ከሻጋታ ወገን ነው፤ ዝናብ በበዛበት ዓመት ይበረታል። ተክሉን በአንድ ጊዜ አይገድልም፤ ነገር ግን ያደክመዋል። መድኃኒቱ የታመመውን ቅጠል ለቅሞ ማቃጠልና ነፋስ እንዲያገኝ ተክሉን ማራራቅ ነው።

በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ትሉ ከቅጠል ጀምሮ ቦርቡሮ ግንደ ሥሩን የሚበላ አንድ የእሳት ራት ወገን አለ። እንቁላሉ የብርዱን ወራት የሚያሳልፈው በደረቀ ቅጠል ላይ ነው። ስለዚህ ግንደ ሥር ከባሕር ማዶ ሲመጣ አፈሩ ፈጽሞ ታጥቦ፣ የደረቀ ቅጠሉ ተነጥቆ፣ የተክል ጤና የምስክር ወረቀት ተይዞ መሆን አለበት። ከውጭ የመጣ አንድ ሣጥን አበባ በአገር የሌለ ተባይ ይዞ ቢገባ፣ ጕዳቱ ካስመጣው ሰው ግቢ አልፎ ለሌላው ይተርፋልና፣ የተሾሙ ሰዎች በዚህ ላይ ቸል ማለት አይገባቸውም።

በኢጣልያ አገር በቶስካና ስለሚሠራው

አይሪስ ከጌጥ አልፎ የገበሬ እርሻ የሆነበት አገር የኢጣልያ ክፍል የሆነው ቶስካና ነው። የፍሎሬንስ ከተማ ዓርማ በነጭ መደብ ላይ ያለ ቀይ አበባ ነው፤ ሕዝቡ ሱሰና እያለ ቢጠራውም ሥዕሉ የአይሪስ ነው። ከተማው በስተደቡብ ባሉት በኪያንቲ ተዳፋት ኮረብታዎች ላይ ገበሬዎች ፈዛዛ ሰማያዊ አበባ ያለውን አይሪስ በወይንና በወይራ ተክል መካከል፣ በእርከኑም ጠርዝ ላይ ሲተክሉ ኖረዋል። ስፍራው ድንጋያማና ደረቅ ነው፤ እህል ቢዘራበት አይመልስም። አይሪሱ ግን ያለ መስኖ ይበቅላል፤ ሥሩም የእርከኑን ጠርዝ ይይዛል። እንዲህ አድርገው ከማይጠቅም መሬት ሁለት ጥቅም አገኙ። እርከን መሥራት ለኮንሶ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ጥበብ ስለሆነ፣ በጠርዝ ላይ ቋሚ ተክል የማኖር ፋይዳ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም።

የሚሸጠው አበባው ሳይሆን ግንደ ሥሩ ነው። ከተተከለ በሦስተኛው ዓመት፣ በሐምሌና በነሐሴ ደረቅ ሙቀት ተቆፍሮ ይወጣል፤ ጫፉ ከቅጠሉ ጋር ተቈርጦ ለዳግመኛ ተከላ ይቀመጣል። የቀረው በትንሽ ቈልማማ ቢላዋ አንድ በአንድ ተልጦ፣ ታጥቦ፣ በፀሐይ ይሰጣል። በዚያን ጊዜ መልካም ሽታ የለውም። ከደረቀ በኋላ ግን ዓመታት በጎተራ ሲቀመጥ በውስጡ ያለው ቅመም ከአየር ጋር እየተዋሐደ ይለወጣል፤ ከሦስት ዓመት ያህል በኋላም ከተወደዱት ሽቱዎች አንዱ የሆነውን የቫዮሌት አበባ ሽታ ይሰጣል። ይህን ሽታ የሚሰጠውን ነገር ለይተው አይሮን ብለው የሰየሙት ጀርመናውያኑ ቲማንና ክሩገር በ1893 ነው፤ ሥሪቱን በትክክል የገለጸው ደግሞ በስዊስ አገር የነበረው ሊቅ ሩዚችካ በ1947 ነው። ቀድሞ ዱቄቱ ለልብስ ሣጥንና ለጠጕር ማሽተቻ ይውል ነበር፤ ዛሬም ሽቱ ቀማሚዎች በውድ ዋጋ ይፈልጉታል፤ ጂን ለሚባለው መጠጥም ከሚጨመሩት ቅመሞች አንዱ ነው።

እንግዲህ ሦስት ዓመት በአፈር፣ ሦስት ዓመት በጎተራ ሲቈጠር፣ ዛሬ የተከለ ሰው ሙሉውን ዋጋ የሚያገኘው በስድስት ዓመት ነው። ይህን ትዕግሥት የሚችል የተደላደለ ቤት ብቻ ነው። በቶስካና ለብዙ መቶ ዓመት የቆየው ሥርዓት ባለ መሬትና ገበሬ ምርቱን እኩል የሚካፈሉበት ነበር፤ በዚያም ሥርዓት ትልቅ ቤተ ሰብ በአንድ እርሻ ላይ ስለሚኖር፣ ለመላጥና ለማድረቅ እጅ አይጠፋም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ወጣቱ ወደ ፋብሪካ ሄደ፤ በ1964 የወጣው ሕግም አዲስ የእኩል ውል እንዳይደረግ ከለከለ። ገበሬው ሲሄድ ብዙ እርከን ፈረሰ፤ የአይሪስ እርሻም እጅግ ቀነሰ። የቀሩት ጥቂት መንደሮች፣ ከእነርሱም አንዱ ሳን ፖሎ፣ ሥራውን አሁንም ይዘዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ብዙ ዓመት የሚጠብቅ ተክል የሚጸናው የተከለው ሰው በመሬቱ ላይ እንደሚቆይ ሲታመን ነው። ገበሬ የድካሙን ፍሬ እስከሚያይበት ዓመት ድረስ መኖሩን ካልተማመነ፣ የዓመቱን ብቻ ይዘራል እንጂ ቋሚ ተክል አይተክልም።

ፍሎሬንስ ግን አበባዋን አልረሳችም። በ1954 ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የአይሪስ አትክልት ስፍራ ተቋቋመ፤ ከ1957 ጀምሮም ከልዩ ልዩ አገር የተላኩ አዳዲስ ዓይነቶች ይወዳደሩበታል። ከዓላማዎቹ አንዱ በከተማው ዓርማ ላይ እንደሚታየው ያለ እውነተኛ ቀይ አይሪስ ማግኘት ነበር፤ ያ ቀለም ግን በማዳቀል እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ስለ አንድ ጃፓናዊ ሹም

በጃፓን አገር ማትሱዳይራ ሳዳቶሞ የሚባል ሹም ነበር፤ በኋላ ሾዎ በሚለው ስም ታወቀ። በ1773 ተወልዶ በ1856 ሞተ። በሥልጣኑ ዘመን የኪዮቶ ከተማ አስተዳዳሪና ዳኛ ሆኖ አገልግሏል። ከሥራው በሚተርፈው ጊዜ በግቢው የጃፓንን አይሪስ በዘር እየዘራ፣ የተሻለውን እየመረጠ፣ እንደገናም እየዘራ ስድሳ ዓመት ያህል ደከመ፤ በዚህም ከሁለት መቶ የሚበልጡ አዳዲስ ዓይነቶችን አስገኘ። ያገኘውንም ዕውቀት ለሚመጣው ትውልድ በመጽሐፍ ጽፎ ተወ።

ከእርሱ ግቢ የወጣው ተክል ሁለት መንገድ ሄደ። አንዱ ክፍል በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ በሆሪኪሪ መንደር ወዳለው የአበባ ስፍራ ደረሰ፤ ሕዝብም እየጎረፈ ያየው ጀመር፤ በ1857 ሠዓሊው ሂሮሺጌ ያንን ስፍራ በሥዕሉ አሳየው። ሁለተኛው ክፍል ወደ ሂጎ ገዥ ተላከ፤ የሂጎም መኳንንት ለሌላ ላለመስጠት ተማምነው ለብቻቸው አሳደጉት። በዚህም በቤት ውስጥ በማሰሮ የሚታይ እጅግ ትልቅ አበባ አስገኙ፤ ነገር ግን ሌላው ሕዝብ ያወቀው በ20ኛው መቶ ዓመት ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ ነው። ምሥጢሩን የጠበቁት ሰዎች ጥራቱን ጠበቁ፤ ለሕዝብ የሰጡት ደግሞ ስሙን አስፋፉ። ሾዎ ከሹመቱ ይልቅ ዛሬ የሚታወሰው በዚሁ በተከለውና በሰጠው ተክል ነው።

በዱር ስላለው አይሪስ

የግቢው አይሪስ በሰው እጅ ይበዛል፤ በዱር ያለው ግን በብዙ አገር እየጠፋ ነው። ጥቁሩ አይሪስ የዮርዳኖስ መንግሥት ብሔራዊ አበባ ነው። በእስራኤል አገር በባሕሩ ዳር አሸዋማ ምድር ብቻ የሚገኘው ጥቁር ሐምራዊ አይሪስ ደግሞ የከተሞች መስፋፋት መኖሪያውን ስላጠበበው ለመጥፋት ተቃርቧል። ብዙ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባት በናታንያ ከተማ በስተደቡብ ለዚህ አበባ የተከለለ ስፍራ አለ፤ በየካቲት ሲያብብ ሕዝቡ ሊያየው ይሄዳል፤ መቅጠፍ ግን በሕግ የተከለከለ ነው። ይህ አበባ ከስፍራው ተነቅሎ በግቢ ቢተከል አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ስለዚህ የአትክልት ሥራ የሚወድ ሰው ከዱር ነቅሎ ማምጣትን ሳይሆን፣ ከአሳዳጊ እጅ መግዛትን ልማድ ያድርግ። ይህ ሕግ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ለሚበቅሉት የዱር አበቦችም ይሠራል፤ በአስተዳደሩ ክልል ያለውን የሚያውቅና የሚያስጠብቅ ሹም ለኋላ ትውልድ ሀብት ያቆያል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተነገረው ሁሉ ሲሰበሰብ በጥቂት ቃል ሊነገር ይችላል። ፀሐይ ያለበት፣ ውሃ የማይተኛበት ስፍራ ይመረጥ፤ ዝናብ ካባራ በኋላ ይተከል፤ ጀርባው ከአፈር በላይ ይቅር፤ ውሃና ፍግ በልክ ይሁን፤ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ይከፈል፤ የበሰበሰው ሳይዘገይ ይነቀል፤ የተረፈው ለጎረቤት ይሰጥ። አንድ አውራጃ ይህን ሥራ ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም፤ በመጀመሪያው ዓመት አንድ መደብ በመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ተተክሎ ከምድሩ ጋር መስማማቱ ቢታይ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚተርፈው ለሌላው ግቢ ይበቃል። በአንድ ጊዜ ብዙ አስመጥቶ ያለ ጊዜው የሚተክል ግን፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ወጪውንም ድካሙንም ሁለት ጊዜ ይከፍላል።